የሽንት ጨርቁ ባልዲ ለምን ይሸታል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የሚጣለው ዳይፐር ዋጋው ሰማይ ከነካ ወዲህ ብዙ ቤት ወደ ጨርቅ ተመልሷል። ሚያዝያ ገብቶ ባሕር ዳር መጋል ስትጀምር ደግሞ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ሽታ ሆኑ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

«ዓባይ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ያገለገለውን የሽንት ጨርቅ ክዳን ባለው ባልዲ አጠራቅሜ በሦስተኛው ቀን አጥባለሁ። ክዳኑን ስከፍት ዓይኔ ያለቅሳል። የተሻለ የሚገጥም ክዳን የት ይገኛል?»

እህቴ፣ ክዳን አትግዢ። ያለውንም አንሺው።

የሚያስለቅስሽ አሞኒያ ነው። ትኩስ ሽንት እኮ ብዙም አይሸትም። ውስጡ ግን ዩሪያ አለ፣ የመርዓዊ ገበሬ በቆሎው ላይ የሚበትነው ያው ዩሪያ፣ ባክቴሪያዎች እሱን ሲያፈርሱት አሞኒያ ይወጣል፣ እርጥበትና ሙቀት ካገኙ ደግሞ ይብስባቸዋል፣ አንቺ በላዩ ክዳን ስትገጥሚበት ጋዙ መሄጃ ያጣና እዚያው ተጠራቅሞ ይጠብቅሻል።

እኔም በመጀመሪያ ልጄ ተሸውጃለሁ። ክዳኑ ጥብቅ የሚል ሰማያዊ ባልዲ ገዝቼ ከበር ኋላ አስቀመጥኩ። የልጅቷ ክርስትና ዕለት፣ በ80 ቀኗ ማለት ነው፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ዶሮው እየቀረበ ሳለ አንድ የጎረቤት ልጅ መጫወቻ መስሎት ክዳኑን ፈነቀለው። ሁለት አክስቶቼ ምንም ሳይሉ ሰሃናቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። ባልዲው ከዚያ በኋላ ጤፍ ማስቀመጫ ሆነ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ማንም እሺ አላለኝም።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ግዢ። የደንገል ቅርጫት ያምራል ግን እርጥበት ይጠጣል፣ ተዪው። ቅርጫቱን ከምትተኙበት ክፍል አውጥተሽ ንፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ አድርጊው፣ የጣሪያው ክፈፍ ሥር ይበቃል። ጨርቁን ጠቅልለሽ አትወርውሪ፣ ዘርጋ አድርጊው። ከሁሉ የሚከረፋው የሌሊቱ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ሲጠጣ ያደረ ነዋ። እሱን ጠዋት እንደፈታሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀሽ፣ ጨምቀሽ፣ ቅርጫቱ አፍ ላይ ስቀይው። ይህቺ ብቻ ግማሹን ሽታ ታጠፋለች። ሦስት ቀን ደግሞ በዚህ ሙቀት ብዙ ነው። በሁለት ቀን እጠቢ፣ ከቻልሽ በየቀኑ።

ሰገራው ሌላ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሰገራ በውሃ ይሟሟል፣ ብዙም አያስቸግርም። 6 ወር ሞልቶት ምግብ ከጀመረ ግን ሳታራግፊው ቅርጫት ውስጥ እንዳይገባ። መጀመሪያ ሽንት ቤት።

«የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። ጨርቁን በረኪና ባለበት ሳፋ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፣ ልጆቼንም ያሳደግሁት እንዲህ ነው። ልጄ ግን ተዪ ትለኛለች።»

እማማ፣ አይቆጡኝና በዚህ ልጅዎ ልክ ናት። በረኪና ሽንት ካለበት ጨርቅ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጎጂ ጋዝ ያወጣል። ሳፋው ላይ ጎንበስ ሲሉ ጉሮሮዎን ከከረከረዎት ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ሽታውን ላጥፋ ብለው አቼቶ ከጨመሩበት ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ሁለቱን በምንም ዓይነት እንዳያገናኙ። ነጭ ጥጥ ማንጣት ካማረዎት በረኪናው የሚገባው ጨርቁ ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ ነው፣ በብዙ ውሃ በርዞ።

ውሃው ራሱም ሲያድር ይሸታል፣ ላስቲክ ያለውን ዳይፐር ደግሞ ያላላል። ከሁሉም በላይ ግን ልጁ ዳዴ ማለት ከጀመረ ያን ሳፋ ወለል ላይ እንዳያሳድሩ። ሕፃን 5 ሴንቲ ሜትር በምትሆን ውሃ ውስጥ እንኳ ሊሰጥም ይችላል። መዘፍዘፍ ካለብዎት ሊያጥቡ ሲሉ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው።

«ታጥቦ ሲደርቅ ምንም አይሸትም። ልጁ ሲሸናበት ግን ወዲያው ይከረፋል። የልጁ ሽንት ችግር አለበት?»

ብዙ ጊዜ ችግሩ ጨርቁ ነው። የድሮ ሽንትና ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ክሩ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሲረጥብ ይነሳል። ኦሞ መሰሰት አያዋጣም፣ አብዝቶ በአንድ ውሃ ማለቅለቅም እንዲሁ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ አጥበሽ ሽንቱን አስወጪ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ እሺው፣ ከዚያ አረፋ እስኪጠፋ አለቅልቂ። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሪ፣ ጨርቁ ውሃ መምጠጥ ያቆማል። የልጁ መቀመጫ ከቀላ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ጨርቅ ማሸቱን ትተሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

«ባለቤቴ እጣን ታጨሳለች፣ እኔ ቤኪንግ ሶዳ እበትናለሁ። የቱ ይሻላል?»

ወንድሜ፣ እጣኑ ለቡናው ይሁን። ሽታ በሽታ ሲሸፈን ሁለት ሽታ ነው የሚሆነው። ሶዳ ኮምጣጣ ሽታ ላይ ይሠራል፣ አሞኒያ ግን እንደ ሶዳው ሁሉ አልካሊ ስለሆነ ብዙም አይነካውም። ብሩን ለሁለተኛ ቅርጫት አድርገው። ጠዋት የሌሊቱን ጨርቅ አንተ ብታለቀልቀው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል።

«ሽምብጥ ሰፈር ነን። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጨርቁም አይደርቅም። ምን ላድርግ?»

ውሃ ከሌለ ማድረቅ ይጠቅማል። ሽንት ብቻ ያለበትን ጨርቅ በአንድ ጆግ ውሃ ለቅለቅ አድርገሽ ጨምቀሽ ገመድ ላይ አስጪው፣ ሲደርቅ ቅርጫት ውስጥ ጨምሪና ውሃው የመጣ ቀን በሙሉ አጠባ አጥቢው። ባክቴሪያ ያለ እርጥበት ብዙም አይራባም። ጎረቤት ያልታጠበ ሰቀለች ይል ይሆናል፣ ይበል። ክረምት ላይ ከወፍራሙና ከተሰፋው ይልቅ አራት ማዕዘኑን፣ የሚታጠፈውን ስስ ጥጥ ተጠቀሚ፣ በረንዳ ላይም ቶሎ ይደርቃል። ፀሐይ ብልጭ ካለች ግን ሁሉን ትተሽ አውጪው፣ ፀሐይ ጀርምም ትገድላለች ነጠብጣብም ታነጣለች።

«ሐይቁ ዳር ነው ቤታችን። ወስጄ እዚያው ባጥበውስ? የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ነው ይባላል።»

ንጹሕ አይደለም፣ ተቅማጥ የሚያመጣ ነገር ይዞ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ። እግርሽን ውሃው ውስጥ ነክረሽ ስታጥቢ ደግሞ ቢልሃርዚያ በቆዳሽ ሊገባ ይችላል፣ ጣና ዳር ያለ በሽታ ነው። ሰገራና ሳሙና እምቦጩንም ይቀልባሉ። ውሃውን በጀሪካን ቀድተሽ ግቢ ውስጥ እጠቢ፣ እጣቢውን ከሐይቁ ራቅ አድርገሽ ድፊው።

«እሁድ ከልጄ ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ እንሄዳለን። ያገለገለውን በምን ልያዝ?»

ውሃ በማያሳልፍ ዚፕ ባለው ከረጢት። ከሌለሽ ፌስታል ደርበሽ ቋጥሪው፣ ለአንድ ቀን ምንም አይል። ከጀልባው ሞተር ራቅ አድርጊው፣ እዚያ ይሞቃል። ማታ ቤት እንደገባሽ ግን ሻንጣውን ከመፍታትሽ በፊት እሱን ፍቺ።