በእረፍት ወራት የቀን ካምፕ ማሸማቀቅና የልጆች ደኅንነት፦ ጥያቄና መልስ

ለበርካታ ዓመታት ልጆች ጠዋት ገብተው ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን የቀን ካምፕ አስተባብሬአለሁ፤ የቡድን መሪዎችንም አሠልጥኛለሁ። ስትጠይቁ የልጁን ዕድሜ፣ የሆነውን ነገር፣ የት እና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ በሁለተኛው ሳምንት “ካምፕ አልሄድም” ማለት ጀመረ። የቡድን መሪዋ ግን በጨዋታ ሰዓት ምንም ችግር አላየሁም ትላለች። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ። የቡድን መሪዋ የምትናገረው በጨዋታ ሰዓት ስላየችው ነው፤ ማሸማቀቅ፣ ማለትም አቅም ያጣን ልጅ ሆን ብሎ እየደጋገሙ ማጥቃት፣ ግን በብዛት የሚፈጸመው በአንዱ ጨዋታና በሚቀጥለው መካከል ባለው ክፍተት፣ ማለትም በምሳ ሰልፍ፣ በልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ በመጸዳጃ ቤት ደጃፍና በአውቶቡስ የኋላ ወንበሮች ላይ ነው። ልጆች ከሜዳ ወደ አዳራሽ ሲሄዱ የቡድን መሪዋ ከፊት እየመራች ከሆነ፣ ከኋላ የሚሆነውን አታይም። ስለዚህ እኔ ሳሠለጥን ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ አዋቂ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ እንዲሄድ ነው። ልጅዎን “ማን ነካህ?” ብለው አይጀምሩ፤ ይህ ጥያቄ ልጁን ከሳሽ ያደርገዋልና ዝም ይላል። “ምሳ ስትበሉ ከማን አጠገብ ተቀመጥክ? ልብስ ስትቀይሩ ማን አብሮህ ነበር?” ብለው ቀኑን በቦታ በቦታ ያስተርኩት። የሚዘላት ቦታ ካለች እርሷን ልብ ይበሉ፤ የሚነግርዎትንም በዚያው ቀን ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ልጄን ያስቸግሩታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜው፣ የደረሰበት ነገርና ቦታው አልተጻፈም። እነዚህን ሳላውቅ የምሰጠው ምክር ልጁን ሊጎዳ ስለሚችል አልመልስም፤ ጽፈው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ለስንት ልጅ ስንት አዋቂ ይበቃል?

መልስ፦ የአሜሪካ ካምፕ ማኅበር ለቀን ካምፖች ባወጣው መለኪያ ከ6 እስከ 8 ዓመት ላሉ 8 ልጆች፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ደግሞ 10 ልጆች አንድ አዋቂ ይመደባል። ሆኖም ሦስት አዋቂዎች አንድ ጥግ ቆመው ከተጨዋወቱ ቁጥሩ ከንቱ ነው። የት እንደሚቆሙ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጦ ማስታረቅ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። በማሸማቀቅ ጥናት ፈር ቀዳጅ የሆኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልዌውስ ማሸማቀቅን ከተራ ጠብ የለዩት በሦስት ነገሮች ነው፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና የኃይል ሚዛኑ ያልተስተካከለ መሆኑ። ዕርቅ ለእኩዮች ጠብ መልካም ነው፤ አቅም ያጣውን ልጅ ግን በሚፈራው ልጅ ፊት አስቀምጦ “ይቅር ተባባሉ” ማለት፣ አዋቂዎች ባሉበት እንደገና ማሸማቀቅ ነው። ለየብቻ አነጋግሯቸው።

አንድ አባት፦ እኛ የመታንን መልሰን እየመታን አድገናል። የዛሬ ልጆች እየተሞላቀቁ ነው።

አንዲት እናት፦ ወንድሜ፣ መልሶ መምታት የሚችል ልጅ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አይመረጥም ነበር።

አባት፦ ታዲያ ሁሉን አዋቂ ይፍታለት?

መልስ፦ ከጉዳያችን እየወጣን ነው፤ ለመጨረሻው ጥያቄ ግን መልስ አለኝ። በ2001 እ.ኤ.አ. በካናዳ ትምህርት ቤቶች የጨዋታ ሜዳ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሌላ ልጅ ጣልቃ በገባ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥቃቶች በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆመዋል። ስለዚህ ልናሠለጥነው የሚገባን ቆሞ የሚያየውን ልጅ ነው፦ አጥቂውን እንዲመታ ሳይሆን፣ የተጠቃውን “ና፣ ከእኛ ጋር ተጫወት” ብሎ እንዲወስደው፣ ያንንም ካልደፈረ ሮጦ አዋቂ እንዲጠራ።

ጥያቄ፦ ስለ ውኃ ዋና ሰዓት ደኅንነትስ?

መልስ፦ እርሱን የሕይወት አድን ባለሙያ ይመልስልዎት። እኔ የምለው ስለ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ብቻ ነው፤ ልጆች ያለ ጠባቂ አይተዉበት፣ አንድ አዋቂም ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁንበት።

ጥያቄ፦ ልጆቹን አገናኝተን ብናስታርቃቸውስ?

መልስ፦ ይህን ከላይ መልሻለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት። ለየብቻ።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄን ሦስት ልጆች በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛ ያባርሯታል። ለኃላፊው ነገርኩት፤ “እናየዋለን” አለኝ።

መልስ፦ እንደዚህ ተጽፎ ሲቀርብ መመለስ ይቻላል። ዛሬውኑ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሆነውን ዘርዝረው በጽሑፍ ያስገቡ፤ ከነገ ጀምሮ በምሳ ሰዓት በዚያ ጠረጴዛ ዘንድ የትኛው አዋቂ እንደሚቆምም በስም እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። ከጠረጴዛው የምትነሣው ልጅዎ እንዳትሆን፤ የሚዛወሩት ሦስቱ ይሁኑ፣ እነርሱም አንድ ላይ አይቀመጡ። በሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ካላዩ ልጅዎን ከካምፑ ያስወጡ። አካላዊ ጉዳት ወይም አዋቂ የፈጸመው ነውር ካለ ግን የኃላፊውን መልስ ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ይሂዱ።