መልስ፦ ወንዝ ዳር ያለውን አሮጌ ጭቃ ቤት ልግዛው ወይ?

ወንድሜ፣ ኮተቤ ወንዝ ዳር፣ መኪና የማይደርስበት አሮጌ ጭቃ ቤት በርካሽ አግኝተህ «አድሼ ልኑርበት?» ብለሃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቤቱ ሳይሆን ወንዙ ነው። የግድግዳው ስንጥቅ ተመርጎ ይለሰናል፣ ቆርቆሮው ይቀየራል። በ2011 «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው የወንዝ ዳር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ግን የአዲስ አበባ ወንዝ ዳር እንደ ድሮው አይደለም። ቀብድ ሳትከፍል የካርታውን ኮፒ ይዘህ ክፍለ ከተማ ሂድ፤ ቦታው በከተማው ፕላን ለምን እንደተያዘ፣ ዕዳና እግድም እንዳለበት አጣራ። የደላላ «አይነካም» ዋስትና አይሆንህም። መሬቱ የመንግሥት ነውና ለልማት ቢነሳ የንብረት ካሳው የሚሰላው በላዩ ላይ ባለው ቤት ነው። አንተ የምትከፍለው ደግሞ አብዛኛው የቦታውን ዋጋ ነው፤ ጭቃ ቤቱማ ስንት ሊያወጣ!

ከፕላኑ ነጻ ከሆነ አናጢ ይዘህ ሂድና የቋሚ እንጨቶቹን ግርጌ በቢላዋ ወጋ ወጋ ያድርግልህ። ምስጥ ከጨረሰው ጉዳዩ ዕድሳት መሆኑ ቀርቶ አዲስ ግንባታ ነው፤ ፈቃዱም ወጪውም ሌላ። መኪና ስለማይደርስ አሸዋና ሲሚንቶው በሰው ሸክም ነው የሚገባው፤ እሱንም አስልተህ ከዋጋው አስቀንስ። ከተቻለ ደህና ዝናብ ከጣለ በኋላ እየው። ሻጩ «ዛሬውኑ እንጨርስ» ካለህ እኔ ብሆን አልገዛም።