ከጠመኔ ወደ ሹመት ለምትሄዱ

ልጆቼ፣

እዚህ ሐዋሳና ዙሪያው ከመምህርነት ተነስታችሁ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ክልል ቢሮና ምክር ቤት የምታመሩ ብዙ ናችሁ። መምህር ሕዝብ ፊት መናገር አይቸግረውም፤ ገጠሩንም ያውቀዋል። የሚፈትናችሁ በጀቱ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የወረዳ ትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። በተሾማችሁ ሳምንት የፋይናንስ ባለሙያውን አስቀምጡና "ደመወዝ ሲነሳ ለሥራ ማስኬጃ ስንት ይቀራል?" በሉ። ይህን ሳታውቁ መድረክ ላይ ትምህርት ቤት ቃል ከገባችሁ፣ ሕዝቡ አዋጥቶ ግድግዳ ያቆማል፤ መምህር ግን አይመጣም፤ መደቡ በጀት አልተያዘለትምና። የወላጅ እምነት አንዴ ከተሰበረ ለሚቀጥለው መዋጮ ማንም እጁን አይዘረጋም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ አስሉ። 400 ተማሪ በ50 ሲካፈል 8 ክፍል ነው። በአንድ ዴስክ 3 ልጅ ካስቀመጣችሁ ለአንድ ክፍል 17፣ ለሁሉም 136 ዴስክ ያስፈልጋል። ቢያንስ 8 መምህር፣ አንድ ርዕሰ መምህር፣ ውሃ፣ ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ። ጨረታው እስከ ጥቅምት ካልወጣ ደግሞ በሲዳማ የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ጣራ ያልለበሰ ግድግዳ ያገኛል። ሰኔ ላይ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ በጥድፊያ የሚገዛው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ያልጠየቀው ነው።

ዝውውር ሌላው ፈተና ነው። ክረምት ሲመጣ የዘመድ፣ የጎሳ፣ የጓደኛ ደብዳቤ ይጎርፋል፤ ሁሉም ወደ ሐዋሳ መቅረብ ይፈልጋል። አንዱን የሒሳብ መምህር ከሐዋሳ ርቆ ካለው ከአሮሬሳ ወረዳ በቃል ትእዛዝ ስታነሱ፣ እዚያ ያለው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ያለ ሒሳብ ሊቀር ይችላል። የአገልግሎት ዘመንና የጤና ማስረጃ ያለበትን ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፉ። ተተኪ ሳይገባ ማንንም አትልቀቁ፤ ለቅርብ ዘመዳችሁም ቢሆን።

ሪፖርትን ቢሮ ተቀምጣችሁ አትመኑ። የድጎማ ገንዘብ በተማሪ ቁጥር ስለሚታሰብ የመስከረሙ ቁጥር ማበጥ ይቀናዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ልጆች ቡና ለቀማ በሚወጡበት ጊዜ፣ ሳትነግሩ ሂዱ። ስም መጥሪያውን ያዙና ዴስክ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ቁጠሩ። ከዚያ አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ በሲዳምኛ መጽሐፉ ገና ያልተማረውን ገጽ እንዲያነብ ጠይቁት። የተማረውን ገጽ ከሰጣችሁት በቃሉ ሊወጣው ይችላል፤ ማንበቡን አታውቁም።

የ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣኑ ሁሉ ወደ 12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ይሮጣል። ማጠናከሪያው አይጠላም፤ ግን በ3ኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለውን ልጅ የመጨረሻው ዓመት የቅዳሜ ማጠናከሪያ አያድነውም። ትርፍ ብር ካገኛችሁ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለሚያስተምሩት መምህራን ሥልጠናና ለማንበቢያ መጻሕፍት አውሉት። ውጤቱ በሹመት ዘመናችሁ ላይታይ ይችላል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የብር ማዋያ አላውቅም።

ሹመት በድንገት ይመጣል፣ በድንገትም ይነሳል፤ ከትምህርት ወደ ግብርና ሊያዛውሯችሁም ይችላሉ። የጀመራችሁትን ሕንጻ፣ ያልተከፈለ ሒሳብና የዝውውር ዝርዝሩን በሰነድ አስረክቡ። ቅጂውን ለጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ስጡ። የማስተማር ፈቃዳችሁንም በጊዜው አሳድሱ።