መልስ፦ «የፋሲል ግንብ፣ መጽሐፍና ስልክ ለኤግዚቢሽን ይበቃሉ ወይ?» ላልሽው

አይበቁም። ግንቡ እጅግ ሰፊ ነው፤ መጽሐፍና ስልክ ደግሞ የዕቃ ዓይነት እንጂ ዕቃ አይደሉም። የኢንተርናሽናል ባካሎሬት የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ ኤግዚቢሽን (ተማሪ ከተሰጡት 35 ጥያቄዎች አንዱን መርጦ በሦስት ዕቃዎች የሚያብራራበት ሥራ) የሚፈልገው የራሱ ቦታና ጊዜ ያለው፣ አንድ የተለየ ነገር ነው። «ለአንድ አባባል ጥሩ ማስረጃ የሚባለው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከመረጥሽ እንዲህ አጥብቢው፦

1. በስልክሽ ፋንታ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ስትጎበኙ የቀዳሽው ድምፅ ካለ እሱን ውሰጂ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቤተ ክርስቲያኑን ንብ አዳነው የሚለው ትረካ በአንድ አስጎብኚ አንደበት ተቀድቶ ሲገኝ፣ የቃል ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል የሚለው ጥያቄ አብሮት ይመጣል።

2. የአያትሽ የቀበሌ መታወቂያ። የልደት ቀናቸው ከክርስትና ምስክር ወረቀታቸው ጋር ካልተስማማ እንዴት ያለ ዕድል ነው! ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ እውነት ነው ወይ?

3. ሦስተኛው ከሁለቱ የራቀ ይሁን፤ ለምሳሌ አንድ የልኬት ንባብ ሰርዘሽ ሌላ የጻፍሽበት የላብራቶሪ ደብተርሽ ገጽ።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዕቃውን በሌላ ተመሳሳይ ብትተኪው ጽሑፍሽ ሳይነካ የሚቆም ከሆነ፣ ገና አልመረጥሽም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። የከተማችን ተማሪዎች ስለ አፄ ፋሲል ዘመን ሲተርኩ ግማሹን ጽሑፍ ሲጨርሱ ደጋግሜ አይቻለሁ። ያለሽ ለሦስቱም ዕቃዎች በድምሩ 950 ቃል ብቻ ነው። ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር አሳልፊና ዕቃው ከጥያቄው ጋር የሚገናኝበትን ምክንያት ጻፊ። ጥያቄውንም ከ35ቱ ዝርዝር እንዳለ ገልብጪው፤ ማሻሻል አይፈቀድም።