ከመሥሪያ ቤት በኋላ ማን ይጠብቀኛል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 59 ዓመት ሲሆን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ለ34 ዓመታት አገልግያለሁ። በሚመጣው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል፤ ባለቤቴም የራሷ ሥራና ማኅበር አላት። ወዳጆቼ ሱቅ እንድከፍት ወይም ተበድሬ ባጃጅ እንድገዛ ይመክሩኛል፤ ወንድሜ ግን «ደክመሃል፣ ዕረፍ» ይለኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እስከ ዛሬ ሒሳብ አልገጥም ያለው ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ከእንግዲህ ግን ጠዋት ተነሥቼ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። በዚህ ዕድሜ እንደ አዲስ መጀመር ይቻላልን? (ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ብዙ ሰው ጡረታን የሚያስበው በደመወዝና በአበል ልዩነት ብቻ ነው። እርስዎ ግን «ሒሳብ አልገጥም ያለው ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል» ሲሉ የጭንቀትዎን ሥር ራስዎ አግኝተውታል። ከሥራ ጋር አብሮ የሚሄደው ትልቁ ነገር በታወቀ ቦታና ሰዓት መምጣትዎን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ «ከእንግዲህ የምኖረው ለምንድን ነው?» እያሉ ቤት ተቀምጠው ከማሰላሰል ይልቅ፣ የእርስዎን እውቀት የሚፈልግ ሰው የት እንዳለ ይጠይቁ፤ ፍለጋውንም ጠረጴዛዎን እስኪያስረክቡ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይጀምሩ።

እንደ አዲስ መጀመር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆቻቸውን ድረው ቆብ የደፉ እናት ስማቸው ተለውጦ እማሆይ ይባላሉ፤ ሐጅ አድርገው የተመለሱ አባትም ሐጂ ተብለው ይከበራሉ፤ ጎረቤቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክርን፣ ዕርቅንና ጸሎትን ከእነርሱ ይጠብቃል። ኅብረተሰቡ አዲሱን ስም የሚሰጠው ከአዲስ ኃላፊነት ጋር ነው። በደመወዝ የሚተዳደረው ከተሜ ግን መሥሪያ ቤቱ ምሳ ጋብዞ፣ ጋቢ አልብሶ ሲያሰናብተው በሌላ በኩል ቆሞ የሚቀበለው የለም። ይህን አቀባበል ለራሱ ማዘጋጀት ያለበት እሱው ነው፤ ብዙዎችም ይህን ሳያውቁ በጡረታቸው የመጀመሪያ ዓመት ሲከፉ እናያለን።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ያስታውሷቸዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአርባዎቹ የዕድሜ ክልል ሳሉ፣ ከእርስዎ አገር ብዙም ወደማይርቀው ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ የተጎዳውን የወሎ ሕዝብ አዩ፤ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሁለት ሕፃናትም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የልጆቹ ቁጥር ሲጨምር ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም የቆሙለት ሥራ ይኸው ነበር። ይህን ያህል መሥዋዕትነት ከማንም አይጠበቅም፤ እኛም ከእርስዎ አንጠብቅም። የምናስተውለው ግን መነሻውን ነው፦ የቀሪው ዕድሜያቸው አቅጣጫ የተገኘው መንገድ ላይ ካገኟቸው ሁለት ሕፃናት ነው።

የሙዚቀኛው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ከሌላ ወገን ያስተምራል። በአዲስ አበባ ሂልተን ከዋሊያስ ባንድ ጋር ይጫወቱ የነበሩት እኚህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ ለብዙ ዓመታትም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። ይሁን እንጂ ኪቦርዳቸውን በመኪናቸው ዕቃ መጫኛ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ በደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁም ይለማመዱ ነበር። የቀድሞ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተምና ዓለም ሲጠራቸው እጃቸው አልፈታም ነበር፤ ሰባኛ ዓመታቸውን ካለፉ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። እንዲህ ያለ ጥሪ ለሁሉም አይመጣም፤ ሙያን ከእጅ አለማራቅ ግን ለሁሉም ይቻላል። እርስዎም ከሒሳብ ሙያዎ ባይርቁ እንመርጣለን፤ የሚቀየረው የሚሠሩለት ሰው ነው።

ይህም ሰው ሩቅ አይደለም። ወርኃዊ መዋጮው በደብተር የሚመዘገብ፣ ገቢና ወጪው ግን ለዓመታት ያልተመሳከረ እድር በየሰፈሩ ሞልቷል። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ሰበካ ጉባኤያትና የመስጊድ ኮሚቴዎች ሒሳብ የሚያውቅና የሚታመን ሰው ይሻሉ፤ መዝገብ ባለመያዛቸው ሐምሌ በመጣ ቁጥር በግብር የሚጨነቁ ትንንሽ ነጋዴዎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይምረጡና በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በተወሰነ ሰዓት እንደሚገኙ ቃል ይግቡ። ሊቀመንበርነት ቢሰጥዎ ለጊዜው አይቀበሉ፤ ስብሰባው ሥራውን ይበላብዎታል። ነጋዴዎቹ ሲከፍሉዎ መቀበል ነውር የለውም፤ ከአጠገብዎ አንድ ወጣት ተቀምጦ እንዲማር ቢያደርጉ ደግሞ እጅግ መልካም ነው።

ስለ ሱቁና ስለ ባጃጁ ያለን አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፦ ተበድረው አይግቡበት። የጡረታ አበል የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፤ መጠኑም ከደመወዙ ያነሰ ነው። ገቢ በሚቀንስበት ዓመት፣ በማያውቁት ንግድ፣ ቋሚ ዕዳ መሸከም ሰላም ይነሣል። ወንድምዎ ያሉት ዕረፍትም ለአንድ ወር ያህል ተገቢ ነው፤ ከዚያ ቢረዝም ግን ለመነሣት ያስቸግራል። ከባለቤትዎ ጋርም አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ለዓመታት በእሳቸው ሥርዓት የኖረውን ቤት እንደ ሒሳብ ክፍል ለመቆጣጠር መሞከር ሁለታችሁንም ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከቤይሩት ተመልሻለሁ። በ47 ዓመቴ ከ8ኛ ክፍል ያቋረጥሁትን ትምህርት በማታ ብቀጥል ከልጆች ጋር መቀመጥ አያሳፍርምን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅታችን፣ አያሳፍርም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ጭምር ሀ ሁ ሊቆጥሩ ተቀምጠዋል፤ ያስተማሯቸውም አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዎች ነበሩ። ዘመቻው በማግሥቱ ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። በባዕድ አገር ቤተሰብ ለማስተዳደር በቂ የሆነ ብርታት ለክፍል ትምህርትም ይበቃል። አሁን የሚያስፈልግሽ የቀድሞ የትምህርት ማስረጃሽ ነው። ከጠፋብሽ ወደ ተማርሽበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሄደሽ፣ የነበርሽበትን ዓመተ ምሕረትና ሙሉ ስምሽን ነግረሽ እንዲፈልጉልሽ ጠይቂ፤ ይህንም የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ሳይጀመር ብታደርጊው ይሻላል።