ክምሩን ብቻ አትዩ

ከግብርና ኮሌጅ ወጥታችሁ ወደ ጎጃም ቀበሌዎች ለምትሰማሩ ልጆቼ፣

እኔ ያረጀሁት በአፈርና በማዳበሪያ ሥራ ነው። ስንጀምር ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ "በሄክታር ስንት ኩንታል?" ጥያቄው ዛሬም ልክ ነው፤ ገበሬው የሚኖረው ከክምሩ ነው። ግን ፍሬው ውስጥ ምን እንዳለ ሳንጠይቅ ስንት ዓመት አለፈን። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዚንክ የሚባለው ንጥረ ነገር የጎደለው ልጅ ቁመቱ ይቀነጭራል፣ ተቅማጥ ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል። ሆዱ ግን በዳቦ ጠግቧል። ስውር ረሃብ የሚባለው ይሄ ነው። የተለመደው ስንዴ በኪሎ ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ገደማ ዚንክ ይይዛል። የምንመኘው 40ና ከዚያ በላይ ነው።

ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲተኛበት ዚንኩን ለስንዴው አይለቅም። አሲዳማው ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ኖራ ከበዛ ዚንኩ ይታሰራል። አፈር ውስጥ የሚገባ ዚንክ ለምርት ይረዳል፤ ፍሬውን ይበልጥ የሚያበለጽገው ግን ቅጠል ላይ የሚረጨው ነው፤ ያውም ስንዴው ሲያዘረዝርና ፍሬው ወተት ሲይዝ።

ወጣት ሳለሁ ቢቸና አካባቢ የአንዲት እናት ማሳ ላይ ዚንክ ሰልፌት፣ በውሃ የሚሟሟውን የዚንክ ማዳበሪያ፣ ረጨሁ። ለ16 ሊትር መርጫ የሚበቃው 80 ግራም ነው። እኔ ሚዛን ረስቼ በእፍኝ ጨመርኩ። ሰዓቱም ቀን 6 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ የቅጠሉ ጫፍ ሁሉ ነጥቶ ደርቋል። እትዬ አንዱን ቅጠል በጣታቸው ፈተግ አደረጉት፤ ብናኝ ሆነ። "ልጄ፣ እኛ እኮ ጨውም በቁንጥር ነው የምንጨምረው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሚዛን ማሳ አልገባሁም፤ ከ10 ሰዓት በፊትም አልረጨሁም።

አሁን ናኖ ማዳበሪያ መጥቷል። ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር ያንሳል፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ሺህ ጊዜ ተከፋፍሎ ማለት ነው። ቅንጣቱ ሲያንስ ቅጠሉን የሚነካው ገጽ ይሰፋል፣ ስለዚህ በጥቂት ዚንክ ብዙ መሥራት ይቻል ይሆናል። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ለድሃ ገበሬ ትንሽ ከረጢት ትልቅ ነገር ነው። ግን ጥቅሙ በአንዳንድ ሙከራ ጎልቶ ታይቷል፣ በሌላው ከዚንክ ሰልፌት ብዙም አልተለየም። መጠኑ ካለፈ የአፈር ተሕዋስያንን ይጎዳል። ደረቁን ዱቄት ስትይዙ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ስትሞክሩም ጎን ለጎን ሦስት መደብ ይኑራችሁ፤ አንዱ ናኖ፣ አንዱ ዚንክ ሰልፌት፣ አንዱ ውሃ ብቻ። የቅጠሉ መለምለም አያታልላችሁ፤ የምንለካው ፍሬው ውስጥ ያለውን ዚንክ ነው።

ወጥ ቤቱንም አትርሱ። ዚንኩ በብዛት ያለው በፍሬው ቅርፊትና በሽሉ፣ ማለትም በሚበቅለው ክፍሉ፣ ላይ ነው፤ ነጭ ዱቄት ያን ጥሎት ይመጣል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ደግሞ ዚንኩን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል።

ናሙና ስትወስዱ ፍሬውን በቆርቆሮ ዕቃ አትያዙ። ቆርቆሮ የሚለበጠው በዚንክ ነው፣ ውጤቱን ያበላሸዋል። በንጹሕ የወረቀት ፖስታ አድርጉት። ቁጥሩ ከላቦራቶሪ ሲመጣም ለቢሮ ከመላካችሁ በፊት ማሳው ድረስ ሄዳችሁ ለባለማሳዋ እናት ንገሯት።