«ይችላል ወይ?» እና «ጊዜ አግኝቷል ወይ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

በኬሚስትሪ ተመርቀሽ ለአንድ ፕላስቲክ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ስትወዳደሪ «አንዱ ፕላስቲክ እንደ መስታወት ሲጠራ ሌላው ለምን ይነጣል?» ተብለሽ «በክሪስታል ምክንያት» ከማለት እንዳላለፍሽ ነግረሽናል። ማስተርስ ልጀምር ወይስ ሥራ ፍለጋውን ልቀጥል ነው ጥያቄሽ። ፍለጋውን ቀጥይ። የጎደለሽ ዲግሪ አይደለም፤ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ መመለስ ነው።

አንደኛው፣ ሰንሰለቱ፣ ማለትም ፕላስቲኩ የተሠራበት ረጅም ሞለኪውል (ፖሊመር)፣ በሥርዓት ተደርድሮ ክሪስታል መሥራት ይችላል ወይ? ይህን የሚወስነው የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። ቅርንጫፍ የሌለው ፖሊኢትሊን ሰንሰለቱ እየታጠፈ ተጠጋግቶ ስለሚደረደር ከ60 እስከ 80 በመቶው ክሪስታል ይሆናል፤ የሚቀልጠውም በ130 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። ቅርንጫፍ ሲበዛበት ድርድሩ ይፈርስና መቅለጫው ወደ 110 ይወርዳል። ፖሊፕሮፒሊን ላይ ደግሞ የጎን ቡድኖቹን (ከሰንሰለቱ ጎን የተንጠለጠሉትን የአቶም ስብስቦች) አቀማመጥ ተመልከቺ፦ ሁሉም በአንድ ወገን ከተሰለፉ በ165 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ የሚያጣብቅ ለስላሳ ነገር ይወጣል። ቀመሩ ግን ያው ነው። ጎበዝ ጠያቂ እዚህ ላይ ፖሊቪኒል አልኮልን ሊያነሳብሽ ይችላል፤ አቀማመጡ ሥርዓት ባይኖረውም ክሪስታል ይሠራልና። የጎን ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ ድርድሩን አይረብሽም፤ የሃይድሮጅን ትስስሩም ሰንሰለቶቹን ያቀራርባቸዋል።

ሁለተኛው፣ ጊዜ አግኝቷል ወይ? ብዙ ተወዳዳሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ፖሊኢትሊን ፈጣን ስለሆነ በረዶ ውሃ ውስጥ ብትነክሪውም ክሪስታል ይሠራል። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ ግን ሰንሰለቱ ውስጥ ግትር ቀለበት ስላለው ዝግተኛ ነው። ቀልጦ ወደ ቀዝቃዛ ሻጋታ ገብቶ በፍጥነት ከ70 ዲግሪ በታች ከወረደ ይጠራል፤ ከዘገየ ብርሃን የሚበትኑ ክሪስታሎች ያድጉና ይነጣል። ስለዚህ ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነው ቱቦ ወፍራም ቦታው ላይ ወተት ከመሰለ፣ የሻጋታውን ውሃና የማቀዝቀዣውን ጊዜ ፈትሺ። ቀጥሎ የጥሬ ዕቃውን ድርቀት፦ ፒኢቲ ከመቅለጡ በፊት በ160 ዲግሪ አካባቢ ለ4 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካልደረቀ፣ እርጥበቱ ሲቀልጥ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። አጭር ሰንሰለት ደግሞ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፣ ቶሎም ይደረደራል። ይህን ማያያዝ የቻለ ተወዳዳሪ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሚጠቅም ወዲያው ይታወቃል።

አሁን የዲኤስሲ (ናሙና ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚወስደውንና የሚያወጣውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ) ግራፍ ማንበብ ተለማመጂ። ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ናሙና በደቂቃ 10 ዲግሪ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። የመጀመሪያው ማሞቅ ፋብሪካው ዕቃውን እንዴት እንዳቀዘቀዘው፣ ሁለተኛው የዕቃውን የራሱን ባሕርይ ያሳያል። የፒኢቲ ናሙና ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 50 ጁል በግራም ቢሆንና እየሞቀ ሳለ ክሪስታል ሲሠራ 30 ቢያወጣ፣ ያ ክሪስታል ቀድሞ ያልነበረ ስለሆነ 30ውን ቀንሺ። የቀረውን 20 ሙሉ በሙሉ ክሪስታል ለሆነ ፒኢቲ በሚያዘው 140 ስታካፍዪው የናሙናው የክሪስታል መጠን 14 በመቶ ያህል ይመጣል። መቀነሱን ከረሳሽ 36 በመቶ ትጽፊያለሽ፤ ጥርት ያለውን ዕቃ ክሪስታል የሞላበት አድርገሽ ሪፖርት አደረግሽ ማለት ነው። ለፖሊኢትሊን በ140 ፈንታ 293 ተጠቀሚ።

ሲቪሽ ላይ «ዲኤስሲ አውቃለሁ» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ የትኛውን ፖሊመር እንደለካሽና ስሌቱን እንዴት እንደሠራሽ በአንድ መስመር ጻፊ። ያው የቀለም ጥያቄ ደግሞ ከመጣ፣ ከመመለስሽ በፊት የትኛው ፖሊመር እንደሆነና በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ ጠይቂ።